ያልኩትን ብቻ ይጻፉ

እትዬ ነገ በሩን ከውጭ ቆለፈችና ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው። ትክክለኛ ስሟ ነገ አይደለም። የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ምንም ቢጠይቋት መልሷ «ነገ» ስለሆነ ተማሪው እንዲህ ብሎ ሰየማት። ከመውጣቷ በፊት ደንቡን በአንድ ትንፋሽ አነብንባዋለች፦ ፈተናው ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ መልስ መሰረዝ ክልክል ነው፤ ተጨማሪ ወረቀት አይሰጥም፤ በሩ ከሰዓቱ በፊት ከተከፈተ ፈተናው እንዳበቃ ይቆጠራል።

«እሳት ቢነሳስ?» ብላ ጠይቃት ነበር ተፈታኟ።

«እሱን ነገ አጣራለሁ» አለች እትዬ ነገ፣ የእውነቷን።

ተፈታኟን ቴፕ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የመኝታ ክፍሏ ልጆች ናቸው፤ አንዴ የሰማችውን ቃል በቃል ትደግማለችና። ከተወለደች ጀምሮ አታይም። የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ናት። ባለፈው መንፈቅ ዓመት በውል ሕግ ኤፍ አገኘች። ወሬው ሲሰማ የሳቀም ነበር፤ ምክንያቱም ግማሹ ክፍል ውል ሕግን ያጠናው ከእሷ አፍ እየሰማ ነው። እነሱ አለፉ፣ እሷ ወደቀች። ድጋሚ መፈተን የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬም ከወደቀች ሻንጣዋን ይዛ ወንድሟ ቤት፣ ከኩሽናው ጀርባ ያለችው ክፍል ትገባለች። ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም። «አርፈሽ ተቀመጪ፣ ምን ጎደለብሽ?» ነው የሚላት። ከክፉ ሰው ይልቅ ይኼ ያስፈራታል።

የተቆለፈባት ክፍል ጠባብ ናት። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳውን ይዘው እስከ ኮርኒሱ የተደረደሩ ካርቶኖች። ከወረርሽኙ በፊት የብሬል ክፍል ነበረች። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች በነጠብጣብ የጻፉትን መልስ ወደ ቀለም ጽሑፍ የሚገለብጥ አንድ ሠራተኛ ነበረ፤ በመጀመሪያው ዓመት ታሞ ሞተ። ቦታው በሰው አልተተካም፣ በካርቶን ተተካ። ካርቶኖቹ ውስጥ አሁን ማንም የማያደርገው ማስክ ሞልቷል፤ ጥግ ላይ ካሉት የሳኒታይዘር ጄሪካኖች አንዱ ያንጠባጥባል፣ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። መስኮት አለ ይባላል። ድሮ ከባንኮኒ ፊት ተተክለው የነበሩት የፕላስቲክ መከለያዎች ተደግፈውበት አየር እንኳ አያሳልፍም።

ከጠረጴዛው ማዶ ጋሼ ተቀምጠዋል፤ አንባቢዋም ጸሐፊዋም እሳቸው ናቸው። ጥያቄውን ያነቡላታል፣ እሷ መልሱን ትናገራለች፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ድሮ ይህን የሚሠሩት ጓደኞቿ ነበሩ፤ ማንም ሳያዛቸው በየተራ ያነቡላት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ሁለት ዓመት ተዘግቶ ሲከፈት ግን እነዚያ ተመርቀው ሄደዋል፤ አዲሶቹ ደግሞ ለፈተና ከአፏ ከመስማትና ዓይነ ስውር ሲያዩ መንገድ ከመልቀቅ በቀር የሚያውቁት ነገር የለም። ድጋፍ ክፍሉ ሰው ሲፈልግ ያገኘው ጋሼን ነው። ጋሼ ማመልከቻ ጸሐፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው የሰው እሮሮ ሲጽፉ ኖረዋል። በወረርሽኙ ጊዜ አቤቱታ በስልክ ማስገባት ተጀመረና ደንበኛው በዚያው ቀረ። የእጅ ጽሑፋቸው አበባ ነው ብላታለች እትዬ ነገ። ቴፕ አበባው ምንም አላደረገላትም፤ ቢሆንም መምህራን ይወዱታል ሲባል ጥሩ ነው ብላ ነበር።

«እንጀምር ልጄ?»

«ይጀምሩ ጋሼ።»

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነበር። አንድ ሐሳብ መቼ ውል እንደሚሆን ይጠይቃል። ቴፕ መልሷን በአራት ዓረፍተ ነገር ተናግራ ዝም አለች። እስክሪብቶው ግን አላቆመም። ሲጫጫር፣ ሲያርፍ፣ ደግሞ ሲጫጫር ቆየ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚጽፉት አለች በልቧ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሁለተኛውን አነበቡ። «አንዲት ባልቴት ብቸኛ ቤታቸውን ለነጋዴ ሸጡ። ከሦስት ወር በኋላ ዋጋው አነሰብኝ ብለው ውሉ እንዲፈርስ ጠየቁ። ማታለልም ሆነ ማስገደድ አልነበረም። ዳኛ ቢሆኑ ምን ይወስናሉ?» የመጨረሻዎቹን ቃላት ሲያነቡ ድምፃቸው ወረደ።

ቴፕ አላሰበችም እንኳ። «ውሉ ይጸናል። የዋጋ ማነስ ብቻውን ውል አያፈርስም። መጸጸት የፈቃድ ጉድለት አይደለም።»

አሥራ አንድ ቃል ነው። እስክሪብቶው አሥራ አንዱንም ጨረሰ፣ ሃያ ገባ፣ አርባ ገባ። ከዚያ ገጽ ሲገለበጥ ሰማች።

«ጋሼ፣ እስቲ የጻፉትን ያንብቡልኝ።»

«ጊዜሽን አታባክኚ ልጄ።»

«ያንብቡልኝ።»

አነበቡ፤ በፍርድ ቤት ድምፅ፣ በኩራት። «ምንም እንኳ ውል በተዋዋዮች መካከል እንደ ሕግ የሚቆጠር ቢሆንም፣ ይህች ረዳት የሌላት ደካማ ባልቴት ከአንዲት ጎጆዋ ተፈናቅላ ሜዳ ላይ መውደቋን ሕግም ሆነ ሕሊና ስለማይፈቅዱት፣ ውሉ እንዲፈርስላት ከታላቅ አክብሮት ጋር...»

«ጋሼ። ማነው እንደዚያ ያለው?»

«አንቺ ነሻ። እኔ ትንሽ ልብስ ነው ያለበስኩት።»

«እኔ ያልኩት ውሉ ይጸናል ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«እና?»

«እና ሴትዮዋ የት ትውደቅ?»

ቴፕ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ካላኖረቻቸው የት እንደሚያርፉ እርግጠኛ አልነበረችም። «ሴትዮዋ የለችም። መምህሩ የፈጠራት ናት።»

«እሱ ፈጥሮ ሜዳ ላይ ከጣላት፣ እኛም ደግሞ እንጨምርባት?»

ያኔ ነው ያለፈው መንፈቅ ፈተና ትዝ ያላት። ያኔም እዚሁ ክፍል፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ ይኸው ድምፅ ነበር ያነበበላት። ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ የሚል ጥያቄ ነበረ። ይውጣ ብላ ነበር የመለሰችው፣ በሁለት መስመር።

«ተከራዩንስ?» አለች ቀስ ብላ።

«የቱን ተከራይ?»

«ያለፈውን። ኪራይ ያልከፈለውን።»

«እ፣ እሱ። ሰባት ልጅ ያለው።»

«ጥያቄው ላይ ልጅ አልነበረውም።»

«በዚያ ዕድሜው ሳይኖረው ይቀራል?» አሉ ጋሼ። «አትቆጪ። ታዝኚለት እንደነበረ ድምፅሽ ያስታውቃል፤ ቃሉ ነው የከበደብሽ። እኔ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ይኼንኑ ነው። ሰው ‹ጎረቤቴ አጥሬን ገፋ› ይለኛል፤ እንደዚያ ብጽፍለት ማን ያየዋል? የሚያስፈልገውን እጽፍለታለሁ።»

ስድስት ወር ሙሉ ከራሷ ጋር ስትጣላ ኖራለች። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት እያለች እያንዳንዱን መልስ ሌሊት ከቀን ደግማዋለች። ስህተት አጥታ፣ ስህተቱን ማየት አለመቻሏ ራሱ ድክመት ነው ብላ ደምድማ ነበር። ለካ መልሱ ከአፏ ትክክል ወጥቶ እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ውስጥ ማመልከቻ ሆኖ ነው የቀረው።

ተነሳች። ካርቶኖቹን በእጇ እየዳሰሰች አራት እርምጃ ሄዳ በሩ ጋ ደረሰችና መዳፏን ጣውላው ላይ አሳረፈች። ከማዶ የሰው እግር ያልፋል፣ አንዲት ልጅ ትስቃለች። ብታንኳኳ እትዬ ነገ ትመጣለች፣ በሩ ይከፈታል፣ ፈተናው ያበቃል። ቀጥሎ የሚሆነውን ማወቅ ነቢይ መሆን አይጠይቅም። ማስረጃሽ ምንድነው ትባላለች። ማስረጃው ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ደግሞ በአበባ ጽሑፍ የሠፈረ የተሳሳተ መልስ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

መዳፏን ከጣውላው አላነሳችም። ሁሉም ሰው ስለ ወረርሽኙ ሲያወራ እንደ እስር ቤት ነው የሚያወራው፤ ቤት ተዘጋብን፣ አበድን ይላሉ። እሷ ግን በሕይወቷ ራሷን ችላ የተፈተነችው ያኔ ብቻ ነው። በዚያች ከኩሽና ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ጭኗ ላይ ኮምፒውተር፣ ጆሮዋ ላይ ጽሑፉን የሚያነብላት ፕሮግራም። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል፣ ነገር ግን ከራሱ አንዲት ቃል ጨምሮ አያውቅም። ጻፈች፣ ላከች፣ ኤ አገኘች። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፤ ቤቱ ሆኖ የኮረጀ ተማሪ በዛ ተባለና ፈተና ሁሉ ወደ ወረቀት ተመለሰ። ለእሷም አንድ ሰው ተሰጣት።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉ ጋሼ ከኋላዋ። ድምፃቸው ቀዝቅዟል። «በተንኮል አድርጌው ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«አልመክርዎትም» አለች ቴፕ። ተመልሳ ተቀመጠች። «ስንት ሰዓት ቀረን?» የሚናገር ሰዓት ነበራት፤ ኤሌክትሮኒክስ ነው ተብሎ ተወስዶባታል።

«አንድ ሰዓት ከሩብ።»

ይህንንም ማመን አለባት።

«ሦስት ጥያቄ ይቀራል። ከአሁን በኋላ አንድ ቃል እላለሁ፣ ያንን ቃል ጮክ ብለው ይደግሙታል፣ ይጽፉታል፣ ያቆማሉ። ከዚያ ሌላ ቃል እላለሁ።»

«እንደ ሕፃን ልታስጽፊኝ ነው?»

«ሕፃን እንኳ ያልተባለውን አይጽፍም።»

የጋሼ ወንበር ጠረጴዛው ድረስ ሲጠጋ ተሰማ። «በይ» አሉ።

«ተዋዋዮች።»

«ተዋዋዮች።»

«በውላቸው።»

«በውላቸው።»

እንዲህ እያሉ ሦስተኛውን ጨረሱ። ጋሼ በየቃሉ ይተነፍሳሉ፣ ሸክም የሚያወርዱ ይመስል። አራተኛው መሀል ላይ እስክሪብቶው ካሰበችው በላይ ተንቀሳቀሰ። ጠረጴዛውን በጣቷ መታች።

«ምን ጨመሩ?»

«ምንም።»

«ጋሼ።»

«‹ውድ› ብቻ።»

«ማነው ውዱ?»

«ሻጩ።»

«ያውርዱት።»

«መሰረዝ ክልክል ነው ተብለናል እኮ።»

ሻጩ ውድ እንደሆነ ቀረ። ጋሼ በአፍንጫቸው ሳቁ፤ እሷም ልትስቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር፣ ግን አልሳቀችም። አምስተኛውን ሲጨርሱ ጋሼ ሳትጠይቃቸው፣ «ሃያ አምስት ደቂቃ» አሉ።

«ስንት ባዶ ገጽ አለ?»

«አንድ ተኩል።»

«የአንደኛውንና የሁለተኛውን መልስ እንደገና እንጽፋለን። ከዚያ አንድ ማስታወሻ።»

ሁለቱን መልሶች በአሥር ደቂቃ ጻፉ። አሥራ አንዱን ቃል ስታስጽፍ ጋሼ «ይጸናል» የሚለው ላይ ቆሙ፤ እንደገና ስትለው ነው የደገሙት። ማስታወሻው ላይ ደረሱ።

«‹በገጽ አንድና ሁለት የሠፈሩት መልሶች የእኔ አይደሉም። ጸሐፊው እኔ ያልኩትን ለውጠው ጽፈዋል። ባለፈው መንፈቅ ፈተናም እንዲሁ አድርገዋል።›»

እስክሪብቶው አልተነሳም። ጄሪካኑ አንድ ጊዜ አንጠባጠበ።

«ስሜ ይጠቀሳል?» አሉ ጋሼ።

ቴፕ አፏን ከፈተችና ያዘችው። ስማቸውን አታውቀውም። ሁለት ፈተና፣ ስድስት ሰዓት አብራቸው ተቆልፋ ስማቸውን ጠይቃ አታውቅም። «‹ጸሐፊው› ይበቃል» አለች።

«ካንቺ ሌላ የያዝኩት ሥራ የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ሠላሳ ዓመት ስጽፍ ማንም ‹ጨመረብኝ› ብሎኝ አያውቅም።»

«ማንበብ የሚችል ሰው ፊትዎ ተቀምጦ ያውቃል?»

«አንቺም አታነቢም» አሉ፣ ክፉ ሊናገሩ ሳይሆን እንዲያው ለሂሳቡ።

«እሰማለሁ እንጂ።»

እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል። እሳቸው ላይ የምትመሰክረው በእሳቸው እጅ ነው። ድምፃቸው ቃሉን ቢደግም እጃቸው ሌላ ሊጽፍ ይችላል። የጽድቁ ቀርቶብኝ በወጉ በኮነነኝ አለች በሆዷ፤ በራሴ ቃል ብወድቅ ይሻለኛል። በየቃሉ አስደግማ አስጻፈቻቸው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የብሬል ሰሌዳዋንና ወረቀት የምትወጋበትን ስታይለስ አወጣች። ሰዓቷን የወሰደችው እትዬ ነገ እነዚህን አልነካችም፤ ምን እንደሆኑ ስላላወቀች።

«ያንን ገጽ ይስጡኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ከሥሩ ያንኑ ማስታወሻ በብሬል እደግመዋለሁ። ከጻፉት ጋር ያስተያዩታል።»

«ማነው የሚያነበው?»

«ዲፓርትመንቱ ውስጥ አለ» አለች። አልነበረም። የነበረው አንድ ሰው ሞቷል፣ እነሱም ካርቶን በሞላው ክፍሉ ውስጥ ነው የተቀመጡት።

ወረቀቱን ሰሌዳው ውስጥ አስገብታ መውጋት ጀመረች፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከግማሽ መስመር በኋላ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ‹በቅንነት ተነሳስተው› የሚል ጨምሬበታለሁ። ‹ለውጠው ጽፈዋል› ከሚለው በፊት።»

ቴፕ እጇን አቆመች። እንግዲህ ይኼን ሰው ምን ማድረግ ይቻላል? ደግሞም ውሸት አልነበረም።

«ይቆይ» አለችና በብሬሉም ላይ ጨመረችው።

ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ። እትዬ ነገ ከኮሪደሩ ጫጫታ ጋር ገባች፣ የመልስ ወረቀቱን አንስታ ገጾቹን መቁጠር ጀመረች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆጠራዋ ቆመ።

«ይኼ ምንድነው? ወረቀቱ ተበሳስቷል።»

«ብሬል ነው፣ እትዬ።»

«ለምን?»

ቴፕ ነገሩን ነገረቻት፤ ባጭሩ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ የተናገረችውን ያህል በአራት ዓረፍተ ነገር። ጋሼ አልተከራከሩም። «እንዳለችው ነው» ብቻ አሉ። እትዬ ነገ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከልቧ ያዘነች ትመስላለች፣ ያ ደግሞ ጥሩ ምልክት አይደለም።

«መለያ ምልክት ያለበት ወረቀት አይታረምም፣ የኔ እመቤት። የተበሳ፣ የተቀደደ፣ ቀለም የነካው። ደንቡ ነው። ለማንም ቢሆን።»

«ብሬል እኮ ጽሑፍ ነው።»

«ለእኔ አትንገሪኝ። ለዲኑ አመልክቺ። በጽሑፍ። እኔ ወረቀቱን ‹የተበላሸ› ከሚለው ፖስታ ውስጥ ነው የማስገባው፤ እሳቸው ይታረም ካሉ ይወጣል። ቢሯቸው ለምሳ የሚዘጋው ስድስት ተኩል ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሉም።»

«ነገ ባመለክትስ?»

«ነገ አይሆንም» አለች እትዬ ነገ።

ቴፕ ይህች ሴት «ነገ አይሆንም» ስትል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ፖስታው ታሸገ፣ የጫማ ድምፅ ራቀ። በሩን ክፍት ትታው ሄዳለች። ከኮሪደሩ ነፋስ ይገባል፣ የተማሪ ድምፅ ይገባል፣ ተነስቶ መውጣት ነው። ግን የት ይወጣል? በጽሑፍ ነው የተባለችው። ሠላሳ ደቂቃ አላት፤ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ይህንን ማመልከቻ የሚጽፍላት ሰው ከየት ታመጣለች? ኮሪደሩ ላይ ከሚያልፉት አንዱን እጁን ይዛ እባክህ ልትል አሰበች። ያም ሰው ቢሆን የራሱ እጅ ነው ያለው።

ከጠረጴዛው ማዶ የቦርሳ ዚፕ ተከፈተ። ወረቀት ወጣ፤ ከፈተናው ወረቀት ወፈር ያለ፣ መስመር ያለው መሆኑ ከድምፁ ይታወቃል። የሙያቸው ወረቀት ነው። ሥራ ባይኖርም ይዘውት ይዞራሉ ማለት ነው።

ወረቀቱን አስተካክለው ጠበቁ።

ቴፕ ወንበሯን አጠጋች። «እኔ ያልኩትን ብቻ» አለች።

«ለክቡር ዲን» ብለው ጀመሩ ጋሼ፣ እየጻፉ።

«ክቡርን ምን አመጣው?»

«ልጄ፣ ያለ ክቡር የገባ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት አያልፍም። ሌላው ላይ አንቺ ታውቂያለሽ። ይኼን ግን እኔ ነኝ የማውቀው።»

አሰበችበት። ጊዜ አልነበራትም፣ ቢሆንም አሰበችበት። «እሺ» አለች። «እሳቸው ክቡር ይሁኑ። ሌላ ማንም ግን አይክበር።»

«አይከበርም።»

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው። ዘጠኝ ቃል ነው። አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስክሪብቶውን አዳመጠች። ተጫጫረ፣ ተጫጫረ፣ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ነጥቡ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አለና ቆመ። ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። በሩ ከኋላዋ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ቀጥዪ» አሉ ጋሼ።

ስንት ደቂቃ እንደቀራት ጠየቀቻቸው። ነገሯት። ቀጠለች።